ቆጠራው አይገጥምም

ሻርጃ፣ የጎማ መጋዘን፤ የሌሊት ጥበቃ ነኝ።
የቀኑ ዘበኛ ቫርጊስ፣ ተራውን ሲያስረክበኝ፣
ቁልፍ ብቻ አይሰጠኝም፤ ጥያቄም ይተውልኛል፤
ስልኩ ላይ ሲያነብ የዋለውን፣ ሲነጋ መልስ ይለኛል።

«ሄሮድስ ከሞተ ወዲያ ነው፣ ቄሬኔዎስን የሾሙት፤
ዐሥር ዓመት ይተርፋል፣ ጎን ለጎን ሲያስተያዩት።
በየትኛው ቆጠራ ነው ታዲያ፣ እርጉዟ መንገድ የወጣች?
አህያዋስ? እስኪ ፈልግ፣ በየትኛው ምዕራፍ ተጻፈች?»

እኔ የመጽሐፍ ቤት ልጅ፣ ሦስት ዓመት ትርጓሜ የሰማሁ፣
ወንጌሉን ሳልጨርስ ወጥቼ፣ ለድርሃም ብዬ የመጣሁ፣
እንደ ለመድኩት እመልሳለሁ፦
አንድም ቆጠራው ሁለት ነው፣ የፊተኛው መዝገብ ጠፍቶ፤
አንድም ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ዘመን ከዘመን አምታቶ
(ይህን የኔታ ቢሰሙ፣ ከጉባኤው ያስወጡኛል)፤
አንድም…
ሦስተኛው አይመጣልኝም።

ሌላ ቀን፦ «ማቴዎስ የአባቶቹን ስም ሲቆጥር
ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት ይላል፤ ግን በጣትህ ብትሞክር
የመጨረሻው ዐሥራ ሦስት ነው። አንዱ ሰው የት ገባ?»
ቆጠርኩ፤ እውነቱን ነው። ጣቴን ሳጥፍ ስዘረጋ፣ ጠባ።

«ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው፣ ብሎ የነገረህ ማነው?
ስጦታው ነው የተቆጠረ፤ ሰዎቹን ማን ቆጠራቸው?
ደግሞስ ምሥራቅ ሲል የት ነው?»
ጉልዛር ሳቀ፤ ከፔሻዋር የመጣ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፦
«ምሥራቅማ እኛ ነን፤ ይኸው ሌሊቱን ስንዞር።»
ቴምር ዘረጋልን። «በእኛ ዘንድ ማርያም ብቻዋን ናት፣ የቴምር ግንድ ተደግፋ፤
ዮሴፍ የለም፣ በረት የለም፣ ምጧ እንደዚያ ሲከፋ።»
ቫርጊስ ይህንንም ስልኩ ላይ መዘገበ።

የምሕረት አዋጅ ወጣ። ወረቀት የሌለው ሁሉ
ይመዝገብ ተብሎ፣ ከበራችን ማዶ ድንኳን ተክለው ይቆጥራሉ።
ሰልፉ ከመንፈቀ ሌሊት ይጀምራል። የሰው ብዛት፣
ሻንጣ፣ ብርድ፤ በረሃ ብርድ የለውም ያለ ማን ነበር?

የቫርጊስ ገና ካለፈ ዐሥራ ሦስት ቀኑ። የእኛው ሌሊት፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት (መዝገቡ ላይ ሁለት ብዬ የምጽፈው)
ሁለት ሴቶች በሩን መቱ።
አንዷ እትዬ ደብሪቱ። ሌላዋ ሆዷን ይዛ ጎብጣለች።
«ወረፋው ላይ ጀመራት፤
ሆስፒታሉ መታወቂያ ይላል፤ ለአንድ አፍታ አስገባት።»

ፓስፖርቱ «ሐያት» ይላታል፤ ዕድሜዋን ሃያ ስድስት ያደርሰዋል፤
ዘርፌ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ፤ ደላላው ስም ሰጥቶ ዕድሜ ቀጥሎላታል።
የልጁን አባት አልጠየቅኋትም።
እሱን ድንኳን ውስጥ ያለው ጸሐፊ ይጠይቃታል።

በአሮጌ ጎማዎች መሐል ካርቶን አነጠፍኩ።
ጉልዛር የመኪናውን ብርድ ልብስ ወርውሮልን ወጣ።
ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ ቆምኩ፤ ሰሎሜን አሰብኩ፤
በየሥዕሉ አለች፤ በአራቱም ወንጌል ልደት ላይ የለችም።
እትዬ ደብሪቱንስ ማን ይጽፋታል?
«ምላጭ!» አለችኝ። የካርቶን መቅደጃዬን በላይተር አቃጥዬ፣ ሳልዞር አቀበልኳት።

ሴት ናት።

ዘርፌ «ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ» አለች፣ እንዳይረሳባት።
ጉልዛር በጣቱ ቆጥሮ፣ ረጀብ ሰባት።
ሲነጋ የደረሰው ቫርጊስ፣ ጃንዋሪ ሰባት።
ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ አዋቂ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ
«ቀኑ አይገጥምም፤ የእናቲቱ ስም አይገጥምም፤
እንግዲህ አልተወለደችም» ቢል፣
ከካርቶኑ ላይ ያጠብኩትን ማን ይነግረዋል?

ወረፋቸው እንዳያልፍ ወጡ። ዘርፌ በእግሯ፤
አንድ እጇ የደብሪቱ ትከሻ ላይ።

መዝገቤን ሞላሁ፦ ገቢ፣ ሁለት ሰው። ወጪ፣ ሦስት።
ቫርጊስ አየው፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየው።
«ተሳስተሃል» አለ፣ «ቆጠራው አይገጥምም።»
«አንድም…» ብዬ ጀመርኩ፤
ከወረፋው መሐል አለቀሰች።