የውሻው እግር

«አባ፣ የውሻው እግር ዳነ ወይ?»
አለች አየሌን፣ ሰው ካልሞቀው ፀሐይ።
በመርከቧ ብርድ ሣጥን ሃያ ዓመት ተኝታ
መንቃቷ ነው፤ ለሷ ትናንት ማታ
ነው የተለየችው።

ቃሏ አራት ዓመት ጨለማውን ቀዝፎ
አታካማ ደርሷል፣ በዲሹ ተጠልፎ።
ተረኛ እኔ ነበርኩ። ከካላማ አስመጣን
ኤሌውቴርዮን፣ ከዘራውን ይዞ፤
ጆሮውን ለማሽኑ ሰጠ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
«ድገሙልኝ» አለን። ደገምን። ደገምን።

ውሻው ከሞተ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ፤
ከመዳብ ጉድጓዱ አጥር ሥር ነው ቤቱ።

ቀዩ መብራት በራ። ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ድኗል፣ ልጄ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ።»

«መቼ ይደርሳታል?»
«አራት ዓመት» አልኩት።
በጣቱ ቆጠረ፤
ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አነሣ።