አንዲት ምት

የበርገን ዝናብ ዕዳ ነው፤ ተከፍሎ አያልቅም፤
እኔ የሌሊት ሾፌር፣ መንገዷን እንጂ ቀኗን አላውቅም።
የመጨረሻውን ሰካራም ከዳገቱ ሥር አውርጄ፣
የተረሳ ጓንት መዝግቤ፣ ቁልፍ አስረክቤ፣ ፊቴን አብሼ በእጄ፣
ቤቴ አልሄድኩም ዛሬ፤
ከነደንብ ልብሴ፣ ከነእርጥብ ጫማዬ፣ ከነማፈሬ
ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ።
"የማን አባት ነህ?" ብትለኝ አንዷ፣ ስም ጠፋኝ፣ ተርበተበትኩ፤
"የዚያች... የብረቷ" አልኩ።

ሌላው ልጅ ጥሩምባ አለው፣ እንደ በሬ የሚያገሳ፣
ሌላው ከበሮ ታቅፏል፣ ሰፈር ከአልጋው የሚያስነሣ፤
የኔ ልጅ የያዘችው ሦስት ማዕዘን የታጠፈ ብረት፣
በክር የተንጠለጠለ፣ እንደ ልብስ መስቀያ፣ ቀለም የሌለበት።
"አንዴ ብቻ ነው የምመታው" አለችኝ በቀደም ማታ፣
"ዘጠና ሰባት ባዶ ቆጥሬ፣ አንዲቷን ሳልረሳታ።"
ሳምንቱን እንዲሁ ከረመች፦
ማንኪያ ስታጥብ ስትቆጥር፣
ደረጃ ስትወጣ ስትቆጥር፣
አልጋዋ ላይ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ስልሳ አንድ ላይ ሲቀር።

ሦስት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ ኤልዳና ታውቃለች።
ለገና ኮከብ ሆና፣ በሩጫ አራተኛ ወጥታ፣ ሦስተኛውን አትነግረኝም፤
"ግድ የለም፣ ሥራ ነው" ትላለች።
ይህች "ግድ የለም" የምትሏት ቃል
ከአሥር ዓመት ልጅ አፍ ስትወጣ ትከብዳለች።

እኔም ቡሬ ሳለሁ፣ ሁለተኛ ወጥቼ ስሜ የተጠራ ዕለት
አባቴ ገበያ ነበር፣ በርበሬ ሲመዝን በኪሎ፣ በፈረሱላ፣ በግምት።
ማታ ደብተሬን አገላብጦ፣ ምንም ሳይል፣ እጁን ራሴ ላይ ጣለና
አስነጠሰኝ። አስነጠሰኝ እንደገና።
ጭብጨባዬ ያ ነበር። አላማርርም። ግን ይኸው
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ ያ ማስነጠሴ፣ ያው።

ራግንሂልድ ዘንጓን አነሣች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።
ከልጄ ጋር ቆጠራ ጀመርኩ፣ ከንፈሬ እየተከተለ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፤
ማሞቂያው ከጎኔ ነበር፤ ጥሩምባው ሲለዝብ፣ ሲያገሳ...
ከዚያ ወዲያ አውቶቡሴ ውስጥ ነኝ። ቁጥሮች ይሳፈራሉ፤
አርባ ትኬት የለውም፤ ሃምሳና ሃምሳ አንድ ይገፋፋሉ፤
ስልሳ አንድ ትንሽ ልጅ ናት፣ ተኝታለች መስኮት ተደግፋ፤
ሰማንያ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ውጭው እያካፋ...

ቅጭል!

ወራጅ አለ!
እግሬ ፍሬን ብሎ ረገጠ፤ የፊቴ ወንበር ከነሴትዮዋ ዘለለ።

ዐይኔን ስገልጥ ድምፁ ገና አየር ላይ ነበር፣
ቀጭን፣ እንደ ሸረሪት ክር፤
ልጄም ከዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሀል እኔን ታያለች፣
ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ቀጥ ብላለች።
አጨበጨብኩ።
ገና ሁለት ገጽ ይቀር ኖሯል። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ውጭ፣ ከአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ዝም ብለን ዳገቱን ወጣን።
"ተኝተህ ነበር" አለች።
ልዋሽ ነበር። ተውኩት። "አዎን።"
"አይቼሃለሁ። አገጭህ ደረትህ ላይ ወድቆ፤
ስለዚህ ጠንከር አድርጌ መታሁት፤ ራግንሂልድ ገረመመችኝ፣ ዘንጓ አየር ላይ ደርቆ።
ሰማኸው ግን?"
"ጆሮዬ እንጃ፤ እግሬ ሰምቷል" አልኩ።
ሣቀች። ሃያ ሁለት ደረጃ ሙሉ ሣቀች፤ ቆጠርኩ።
ከዚያ እጇን ኪሴ ውስጥ ከተተች፣ እንደ ትልቅ ሰው አሰበች፣
"ለግንቦቱ ሁለት ምት አለኝ" አለች፤
"ትመጣለህ።
መሀላቸው ሰፊ ነው፤ እዚያ ላይ ትተኛለህ።"