ጫማችሁን!

በሪዜ ከተማ፣ ዝናብ በሚያድርባት፣
ሰው ጭቃውን ይዞ ከቤት አይገባባት።
ጫማ ደጅ ይቀራል፣ አፍንጫውን ወደ ደረጃው አዙሮ፤
ነጠላ ጫማ ይጠብቃል፣ ከውስጥ ተደርድሮ።
እናቴም እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ፤
ጫማ ሳይገዛልኝ «አውልቅ» ነው ያለችኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው ስልኩ የደረሰን።
አምስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም አሉን።
ቱርጉት ከፊት ወጣ፣ ኦክስጅኑን አዝሎ፤
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ላብ ከዝናብ ጋራ ፊቴ ላይ ተቀላቅሎ።
በሩ ተከፍቷል። ሙአዘዝ ቆማለች፤
ፀጉሯን አልሸፈነች፣ ስልኩን ጨብጣለች።
«ድረሱልኝ» አይደል ከአፏ የወጣው፤
የአርባ ዓመት ልማድ ነው ቀድሞ የመጣው፦

«ጫማችሁን!»

ቱርጉት አልሰማትም። ወይም ሰምቶ አለፈ።
በነጩ ምንጣፍ ላይ ጭቃውን አሳረፈ።
እኔ ግን (እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም)
ጎንበስ አልሁ ለክሬ። ምንም አላሰብሁም።
ቋጠሮው ተፈታ። አንደኛው ቀዳዳ፣
ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ክሩ እርጥብ፣ ጣቴ እንግዳ።
«ሞት ጫማ አያወልቅም!» ቱርጉት ጮኸብኝ።
ስሮጥ የፈታሁት ክር እግሬ ላይ ተጠመጠመብኝ።

ሻኪር ወለሉ ላይ፣ በካልሲ ተዘርግቶ።
ደረቱን ተጫንነው፤ ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ። አልተነፈሰም ከቶ።
ሐኪሙ «ከመድረሳችሁ በፊት ነው» ሲል ጻፈ በኋላ።
አምናለሁ። ግን ስተኛ ጣቴ ያስባል ሌላ፤
ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከዚያ ወዲህ ኪሴ ሰማያዊ ላስቲክ ነው፣
የጫማ መሸፈኛ። ቱርጉት ሲያይ የሚያስቀው።
«ቤት ሲቃጠልም ታጠልቃለህ?» ይለኛል።
አልመልስለትም። ምን መልስ ይገኛል?

በሰባተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ።
አምስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ሰበሰብሁ።
ከበሩ ጎን ጥንድ ጫማ፣ ጥቁር፣ የተወለወለ፣
ተረከዙ በአንድ ወገን አልቆ ያዘነበለ።
የአገሩ ወግ ነው፤ ሟች ከቤት ሲወጣ
ጫማውም ይወጣል፣ ይወስደው ዘንድ ያጣ።
ሰባት ቀን ተቀመጠ፤ የሚወስድ አልመጣም፤
አሳንሰር የሌለው ፎቅ ድኻም አይወጣም።

ጎንበስ ስል ለክሬ በሩ ተከፈተ፤
«ተወው፤ ግባ» አለች። እጄ ክሩ ላይ ሞተ።
አልገባሁም። ፈታሁ። ቆማ ጠበቀችኝ፤
የሻኪርን ነጠላ ጫማ አውርዳ ሰጠችኝ።

ሳሎኑ ታጥቧል፤ መጋረጃው፣ ወንበሩ፤
አቧራ አይታይም ከበር እስከ ዳሩ።
ምንጣፉ መኻል ግን ቁጭ ብሏል ጭቃ፤
የአንድ ቀኝ እግር ዱካ፣ ዙሪያዋ ተጠርጎ እሷ ተጠብቃ።

ተቀመጥን። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም።
እኔ «ይቅርታ» ልል ነበር፤ የመጣሁበትን ቃል አላገኘሁትም።
«አንድ ቀን» አለችኝ፣ «መነጽሩን ረስቶ፣
በጣቱ ጫፍ ሮጦ፣ በጫማ ገብቶ፣
ሦስት ቀን አኮረፍሁት። ለሦስት እርምጃ ሦስት ቀን።»
እሷም ትቆጥራለች። ሁለት ቆጣሪዎች ነን።

«ቁጥርህ ስንት ነው?» አለች፣ ደጅ ቆሜ ክሬን ሳስር።
«አርባ አንድ» አልሁ። ዋሸሁ፤ ነጠላ ጫማው ልኬ ነበር።
«ይሰፋሃል» አለች። ጥንዱን ጫማ አነሣች፣
አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ ከደፉ ውጭ መለሰች።

በሩን ገርበብ ተወችው።
መብራቱ እስከ ሦስተኛው ፎቅ አብሮኝ ወረደ።