ትርፍ ብሎን

ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ፤
ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ለገሃር እስኪደርስ ድረስ፣
ስንት ፍሬን ሳጠብቅ፣ ስንት የወለቀ ካቴና ስመልስ፣
ሠላሳ ክረምት አለፈኝ
ግራሶ በነከረው ጣት፣ በተንበረከከ ጉልበት።
ያን እሑድ ግን
ትርሲት ስትወርደው ጊዜ፣ ልጄ ናትና ፈራሁት።

አራተኛው ዙር ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣
ከፊቷ ያለው ወደቀ፤ የእሷም ጎማ ተጠለፈ፤
ከእጇም ከጉልበቷም በፊት፣ ትከሻዋ ቀድሞ አረፈ።
የሰማሁት ድምፅ የብረት አልነበረም።

ጎረቤት «ወጌሻ» አለ፤ «ሠራተኛ ሰፈር አለ አንድ ሰው፣
እጁ መድኃኒት የሆነ፣ አሽቶ የሚመልሰው።»
እኔ ግን
የተጣመመ ቴላዮ፣ አሽቶ በእጁ ያቀና፣
እስካሁን አላየሁምና፣
እዚያው ቁልቁለቱ ጎን፣ ጥቁር አንበሳ አስገባኋት።

ዶክተር ምንተስኖት ራጁን ወደ መብራቱ አስጠጋ።
«ይኸውልህ ጋሽ ዘለቀ፣ ጉዳቱ አንድ አይደለም፤
ከኮሌታዋ ሥር ያለው፣ ይሄ አጥንት ለሁለት ተሰብሯል፤
ጫፉን ከትከሻው ያሰረው፣ ጅማትም አብሮ ተበጥሷል።
አንዱን ጠግነን አንዱን ብንተው፣
ክንዷ እንደተንጠለጠለ ነው የሚቀረው።»

ስስ ብረት ሊደርብባት፣ በሰባት ብሎን ሊያጠብቅ፣
ትከሻዋን ደግሞ በክር፣ ሰቅዞ ሊያስር እንዳይወልቅ፣
እስክሪብቶ አውጥቶ ሲስልልኝ፣
አፌ አመለጠኝና፣
«ብሎኑ ሲጠብቅ፣ ልኩን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።
አልሳቀብኝም።
«በእጅ» አለ። «ካለፈ አጥንቱ ይፈጫል።»
እጆቹን አየሁ። አመንኩት።

ሦስት ሰዓት ተኩል
ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ፣ ካቻቢቴ ከኪሴ አውጥቼ፤
አረንጓዴ ለለበሰ፣ ለሌላ መካኒክ ልጄን ሰጥቼ።

ስድስት ሳምንት ክንዷ ታስሮ፣
ከዚያ ላስቲክ ስትጎትት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ግድግዳ ስትገፋ፣
«ብስክሌቴስ?» ትለኛለች።
«መሪው ተጣሟል» እላለሁ፤ «ዕቃው ከገበያ ጠፋ።»
ውሸት ነው።
ኦፕራሲዮን በሆነች ማግሥት፣ መሪውን አቅንቼዋለሁ፤
አንዲት ብሎን ብቻ ቀንሼ፣ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ።

ዛሬ፣ በሰባተኛ ወሯ፣ ብረቱ ከገላዋ ወጣ፤
ዶክተሩ በትንሽ ብልቃጥ፣ ብሎኖቹን ይዞ መጣ።
«ለመታሰቢያ» አላት።
ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፤ ቆጠረች፤ ቀና ብላ አየችኝ።
«የእኔ ሰባቱም ወጡ አባ፣
ያንተስ ስምንተኛዋ?» አለችኝ።