ውሃውን አንሳልኝ

ቁልፉን በተቀበልን በሐሙሱ ማታ፣
ከደቻቱ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ገና ኖራ በሚሸት አርባ ካሬ ቦታ፣
ኢፍቱ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀምጣ፣
እኔ ደፉ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ
በላብ የራሰ አንገቴን አውጥቼ እየለካሁ፣
«ፎቶ አንሳው» አለችኝ፤ አራቱንም ግድግዳ አነሳሁ።

ስልኳ ላይ አንድ መተግበሪያ አለ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፤
ባዶ ክፍል ያጎረሱት እንደሆን የተሞላ ቤት ይተፋል።

መጀመሪያ የተፋው ነጭ ሶፋ፣ የበግ ለምድ፣
ጥግ ላይ ደግሞ ምድጃ፣ እሳቱ ቦግ ብሎ የሚነድ።
«ድሬ ላይ?» ብላ ሳቀች ኢፍቱ፤ ጀሪካኑም ሥሯ ተንቋቋ፤
ባዶውን ቤት ዞሮ ዞሮ እግራችን ሥር ወደቀ ሳቋ።

ጻፍኩለት፦ «አገሩ ሙቀት ነው፤ እሳቱን አጥፋና ነፋስ ስጠን፣
እጃችን አጭር ነው፤ ዕቃውንም ለደመወዛችን መጥን።»
አጠፋ። በእሳቱ ቦታ ቁልቋል ተከለ።
ቁልቋል! ፍየል እንኳ ንቃ የምታልፈውን፣
በየአጥሩ ያለጠያቂ የሚበቅለውን፣
በወርቃማ ማሰሮ፣ እንደ ሙሽራ፣ መሐል ሳሎን አቆመልን።

ከዚያ ኢፍቱ ተቀበለችኝ። ጀጎል ውስጥ በተከራይ ልጅነት ያደገች፣
ባለቤቶቹ ነደባ ላይ ሲቀመጡ ከደጅ ቆማ ያየች።
«ቀይ መደብ» ብላ ጻፈች፣ «ደረጃ ደረጃ ያለው፣
ትልቁ ከፍ፣ ትንሹ ዝቅ፣ ሁሉም ቦታውን የሚያውቀው፤
ግድግዳው ላይ ስፌት በስፌት» ጣቷ ፈጠነ፤
የመጣላት ግን የሲኒማ ቤት ወንበር ሆነ፤
ቀይ፣ በረድፍ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ቴሌቪዥን ያዞረ፣
ስፌቶቹም የግድግዳ ሰዓት ሆነው፣ አንዱም ከአንዱ ያልተባበረ።
ኢፍቱ ይሄኔ አልሳቀችም።
«ለካ እሱም እንደኔ ከደጅ ነው ያየው» አለች።

እኔ የደነገጥኩት በሦስተኛው ነው። ሥዕሉስ አምሮ ነበር ለነገሩ፤
መጋረጃው ስስ፣ ምንጣፉ ልክ፣ አልጋው በሥርዓት በዳሩ።
መስኮቱ ግን።
እኔ ያነሳሁት መስኮት የሚያሳየው ደቻቱን ነበር፤
የደረቀ አሸዋ፣ ሁለት ግመሎች፣ እሾህ ላይ የቀረ ፌስታል።
ማሽኑ አሸዋ አይወድ መሰለኝ፣
ከዳር እስከ ዳር በውሃ ሞላልኝ።
ሰማያዊ፣ የጠገበ፣ ጸጥ ያለ ውሃ፤
«የባሕር እይታ» ብሎም ጻፈበት፣ እንደ ስጦታ።

ነሐሴ ነበር፣ ዘጠና ስምንት፣ ሌሊት።
የዘነበው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ እኛ ተኝተናል።
ቤታችን የጭቃ ነበር፣ ሁለት ክፍል፤
የዘጠኝ ዓመት ቁመቴ በከሰል የተሰመረበት ግድግዳ ነበረው።
አክስቴ ዘነበች
(ስሟ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ውስጥ ማንም አይጠራውም)
አልጋዋን ግራር ላይ ተሰቅሎ አገኘነው፣ ከነፍራሹ።
ያገኘነው እሱን ነው።

ኢፍቱ ፊቴን አይታ ዝም አለች። ታውቃለች።
ስልኩን ወሰድኩ። «ውሃውን አንሳልኝ» ብዬ ጻፍኩ።
ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣
በአራት ሰከንድ አነሳው።
አሸዋው እንደነበረ ተመለሰ፤ ግመሎቹ ብቻ ቀሩ።
«ሌላ እንዲቀየር የሚፈልጉት ነገር አለ?» ይላል ከሥሩ፣
በትሕትና።

ምን ብዬ ልጻፍለት።

ስልኩ ደከመና ጠፋ። መብራት ገና አልገባልንም።
በጨለማ ፍራሹን ጎተትነው፤ «የት ይሁን?» አለች ኢፍቱ።
አንገቴን ደግሜ አወጣሁ፣ እዚህም እዚያም ሞከርኩ፤
ነፋስ ያለው በወንዙ በኩል ብቻ ነው።
እዚያው ዘረጋነው፣ ራሳችንን ወደ መስኮቱ አድርገን።

እሷ ተነስታ ጀሪካኑን አቀናችው፣
ክዳኑን ፈትታ በሩ አጠገብ አኖረችው።
«ነገ» አለች፣ «የውሃ ተራችን ነው።»