ለአንዲት ነጥብ የሚሆን ቀለም

ከታች ሶቻ ወንዝ ያጓራል፤ መስኮቱን ከፍቼ፣
ሦስት ቀለም አሸታለሁ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ።

አንደኛው ጠርሙስ ነው፣ ቀይ የጥፍር ቀለም፤
ሉድሚላ የረሳችው፤ ክፋት በውስጧ የለም።
«ይሄ ቶሎ ይደርቃል» ብላ ያቀበለችኝ፣
አምና በዚህ ጊዜ ደም ያስነካችኝ።
የሰማያዊ ዓመት ነው፤ በእጅ ያለው ግን ቀይ፤
ግድም አልሰጠኝ፤ ቀለም ቀለም አይደል ወይ?
ቀባኋት አውራዬን፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣
ልክ መሃሉ ላይ፣ በክንፍና በክንፍ።
መለስኳት ከቤቷ። ልጆቿ አሸተቷት፤
«ማነሽ?» አሏት መሰል፤ እናታቸውን አጧት።
ከበቧት፣ ጨበጧት፣ እንደ ጡጫ ሆነው፤
የፈጃት ሙቀት ነው፤ የፈጃት ቤቷ ነው።
ጠዋት ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኘኋት፤
ቀይ ነጥቧ ያበራል።
እኔ ነኝ የገደልኋት።

ሁለተኛው ቆርቆሮ፣ ቪንኮ ትቶት የሄደ፤
ብከፍተው፣ ቤቱ ሁሉ ባል ባል እያለ አወደ።
በዚህ ነበር የሳለው በየቀፎው ግንባር፣
አዳኝ ሞቶ፣ ድቦች ሲሸኙት ወደ መቃብር።
አርባ ክረምት አለፈው፤ ዝናቡ አልፋቀውም፤
ግን እርሳስ አለበት፤ ለነፍስ አላምነውም።
ሳንቃ ምን ይሸተዋል? ሳንቃ ያው ሳንቃ ነው፤
ለንብ ግን አገሩም፣ ሕጉም፣ ስሙም ሽታ ነው።
ይቅር በለኝ ቪንኮ፣ መልሼ ከደንኩት፤
ከመክደኔ በፊት ግን እንደገና አሸተትኩት።

ሦስተኛው ከቶልሚን፣ ከደብተር መሸጫ፣
ነጭ የልጆች ብዕር፣ የመጨረሻ ምርጫ።
በውሃ የተበጀ። «ልጅ ቢልሰውም አይጎዳ»
አለች ኔቬንካ፤ ገዛሁት፣ ሳልከራከር በዕዳ።
ንቦቹ አውራቸውን የሚልሱ ናቸው፤
ምላስ ያልፈቀደው አይድረስባቸው።
«ለልጅ ልጅ ነው?» አለች፣ እየጠቀለለች።
«ለእናት ነው» አልኳት፤ ምንም አልመለሰች።

ለምን ምልክት? ይሉኛል። ዓይኔ ደክሞብኝ፤
ከሠላሳ ሺህ ሴት መሃል አንዷ ጠፍታብኝ።
ዘንድሮ የነጭ ነው፤ ሕጉን አርቢ ሁሉ ያውቃል፤
ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤ በሰማያዊ ያልቃል፤
ከዚያ እንደገና ነጭ። አውራ ብዙ አትቆይም፤
ቀለሟ ሲመለስ እሷ አትታይም።
እኔ ግን አስራ አምስቴ ነጭ ዞሮብኛል፤
ሰማያዊን እንጃ። ቢጫስ ይበቃኛል።

መጀመሪያ ጥፍሬን፣ የአውራ ጣቴን ቀባሁ፤
አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደገምሁ።
ደረቀ። አይጣበቅም፤ በጣቴ ፈተግሁት።
ቀጥሎ ድንጉላውን፣ ያን ሰነፍ ያዝሁት፤
መውጊያ የለው ምስኪን፣ ሥራ የለው፣ ወፍራም፤
ቀባሁት፤ ለቀቅሁት፤ አደረ በሰላም።

ዛሬ ተራው ያንቺ ነው። ነይ እስቲ፣ እመቤት፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰባ አምስት ዓመት አለበት።
በሁለት ጣቴ መሃል፣ ልብሽ ይሁን ልቤ፣
የሚመታው እንጃ፤ አየሁሽ ቀርቤ።
ከዓይንሽ ይራቅ፣ ከቀንድሽ፣ ከአንገትሽ ስንጣቅ፤
ነጥቧ ከሰናፍጭ ታንሳለች፤ መድረቋን ልጠብቅ።
አልቸኩልም። አምና ነበር የቸኮልሁት።

ከፈትሁልሽ። ቀስ ብለሽ ገባሽ።
አንዷ መጣች፣ አሸተተችሽ።
ሁለተኛዋ ነጩን ላሰችው።
ሦስተኛዋ አየችሽና አለፈች፤
ሥራ ነበራት።
ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የከዳኝ፤
ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሉድሚላ እጄን ይዛ፣
«ምንድነው ይሄ ነጭ?» አለች፣ እንደ ዋዛ።
«አውራዬን ቀብቼ» ስላት፣ አውራ ጣቴን መሰላት፤
«ቀይ ያምርብሽ ነበር» አለች።
ምን ልበላት?