ጠርዙን ዳስሺ

ቂሊንጦ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤ ከአጥሩ ማዶ ጅብ ይጮኻል፣
ኮምፒውተሬ እንደታመመ ሰው በማራገቢያው ይተነፍሳል።
ላሜራውን በመረብ ከፋፍዬዋለሁ፣ መቶ ሺህ ጥቃቅን አራት ማዕዘን፤
እያንዳንዷን እጠይቃለሁ፦ ስንት ቻልሽ? የት ላይ ሳሳሽ? ምን ቀረሽ ከቀድሞው መጠን?

ይኸ ብረት የዋዛ አይደለም። ቀጭን ነው፣ ግን እልኸኛ፤
ሲያጥፉት እሺ ይላል፣ ሲለቁት ቀና ይላል፣ እንደ ቂመኛ።
ስምንት ዲግሪ ተመለሰብኝ፤ ስምንቷን ጻፍኩ በመዝገቤ፣
በማግስቱ ስምንት ጨምሬ አጠፍኩት፤ ገጠመልኝ እንደ ልቤ።

ሰማንያ ሰባት በመቶ ላይ
መብራት ሄደ።
ጅቡም ዝም አለ።

በሦስተኛው ሌሊት ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ ከዳር እስከ ዳር፤
“አይሰነጠቅም” አለኝ ሒሳቡ። አመንኩት፤ ምን ልጠራጠር!

አቃቂ፣ የጋሽ ፉፋ ጋራዥ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ፤
ፕሬሱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ቆምኩ፣ ደብተሬን ይዤ ለመመዝገብ።
በላሜራው ላይ ያተምኳቸው ክቦች እንቁላል መሰሉ፣
ጎተት ጎተት አሉ፣ ልክ ሒሳቤ እንዳለው ሁሉ።
ከዚያ፣ ቋ!
ከመሃሉ አይደለም። ከጫፉ።
አረንጓዴ ብዬ ካለፍኩት፣ ከዚያ ከከንፈሩ፣ ከአፉ።

ጋሽ ፉፋ አልሳቁም። ሠላሳ ዓመት ባትላሜራ ናቸው፤
የሚኒባስ ጎን፣ የላዳ በር፣ የአይሱዙ ጣሪያ አልፏል በመዶሻቸው።
ጓንታቸውን አወለቁ። አውራ ጣታቸውን በተቆረጠው ዳር ሰደዱ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ቀስ እያሉ ሄዱ።
“ነይ፣ ጠርዙን ዳስሺ” አሉኝ። ዳሰስኩ። ሻካራ።
መቀሱ ነክሶ የተወው፣ ለዓይን የማይሞላ፣ ትንሽ መከራ።

“መታጠፉ አይደለም፣ ልጄ፣ ይኸን ብረት የሰነጠቀው፤
ሲቆረጥ ነው የታመመው። ያንቺ ማሽን ያን ቀን የት ነበር? ማንስ ጠየቀው?”

እውነት ነው። በእኔ መረብ ላይ ብረት ሲወለድ ንጹሕ ነው፤
ዳሩ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ፣ ማንም ከማንም ያልቆረጠው።

ስመለስ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ በታክሲው መስኮት አየሁ፦
አዲስ የቆርቆሮ አጥር፤ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ወዲህ ኮንዶሚኒየም፤
በመካከላቸው ትኩስ አፈር።
ምንም አላልኩም። አውራ ጣቴን ግን አሸሁ።

ማታ አዲስ ዓምድ ከፈትኩ፤ “የመቀስ ጉዳት” ብዬ ሰየምኩት፣
ምን ቁጥር እንደምሰጠው አላውቅም። ዜሮ ይል ነበር፤ ዜሮውን አጠፋሁት።
ለጋሽ ፉፋ ደወልኩ፦ “ሻካራነቱ ስንት ይሆናል፣ ከአንድ እስከ አስር?”
ዝም አሉ። ከበስተጀርባቸው የሆነ ሰው መዶሻ ጣለ።
“መቀሱ በተሳለ ቀን፣ ሦስት በይው። ሌላውን ቀን እንጃ፤
እንደ ያዘው ሰው ነው።”

ሦስት ብዬ ጻፍኩ።
መብራት አለ። ሒሳቡ እየሄደ ነው።